ይህ ረድፍ ከየት መጣ?

በዳታ ሥራ ሊገቡ ያሰቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ፓይተን ልማር ወይስ አር? የትኛው ኮርስ ይሻላል? ዲፕ ለርኒንግ ግድ ነው?» መልሱ አጭር ነው። ከሁለቱ የፕሮግራም ቋንቋ አንዱን ያዙና ግፉበት። አማካይ በየትኛውም ቋንቋ ቢሰላ ያው አማካይ ነው።

እኔ የሠራሁት ሦስት ዓይነት ቦታ ነው። መጀመሪያ ባዮሎጂ ላብራቶሪ፣ ቀጥሎ የሕክምና ምርምር፣ አሁን ደግሞ ንግድ ድርጅቶች ጋ። ቦታ በቀየርኩ ቁጥር ቃላቱ ይቀየራሉ። ላብራቶሪው «ናሙና» የሚለውን ሆስፒታሉ «ታካሚ» ይለዋል፣ ድርጅቱ ደግሞ «ደንበኛ»። ሥራ የሚያበላሸው ነገር ግን ሦስቱም ጋ አንድ ነው። ሰው ሠንጠረዥ ይላክለታል፣ ይከፍተዋል፣ ወዲያው ሞዴል (ከዳታ ተምሮ የሚገምት ስሌት) መሥራት ይጀምራል። እያንዳንዱ ረድፍ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ማን እንደሞላው፣ ማን ደግሞ ጭራሽ ሳይገባበት እንደቀረ አይጠይቅም። የምጽፈው ስለዚህ ጥያቄ ነው። ሒሳቡን ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራሳችሁ አውርዳችሁ ልታዩት በምትችሉት ምሳሌ ልጀምር። ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር ማድረግ) የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ የስኳር በሽታ ዳታ ላይ ይለማመዳል። በአሜሪካ አሪዞና ከሚኖሩ የፒማ ሕዝብ ሴቶች የተሰበሰበ ነው። 768 ሴቶች፣ ስምንት መለኪያ፣ መጨረሻ ላይ ስኳር አለባት ወይስ የለባትም የሚል አምድ። ትንሽና ንጹሕ ይመስላል። አንድም ባዶ ቦታ የለውም። አሁን የደም ግፊቱን አምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩት። 35 ሴቶች የደም ግፊታቸው ዜሮ ነው። የደም ግፊቷ ዜሮ የሆነ ሴት የሚያሳስባት ስኳር አይደለም። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያዛምደው ቢኤምአይ ላይ 11 ዜሮ አለ። ኢንሱሊን ላይ 374 አለ፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ዜሮው «አልተለካም» ለማለት የገባ ነው። ሞዴሉ ይህን በምን ያውቃል? ኢንሱሊን የሌላቸው ሴቶች ያገኘ ይመስለዋል፤ ስለነሱም የሆነ ነገር ይማራል። ኮዱ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያ አይወጣም፣ የሚሰጣችሁ ቁጥርም ደህና ይመስላል። ለዚህ ነው አዲስ ፋይል ስቀበል የመጀመሪያውን ቀን ስሌት የማልነካው። ለእያንዳንዱ አምድ ትንሹን ቁጥር፣ ትልቁንና ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን አወጣለሁ። የተደጋገመው ቁጥር ብዙ ወሬ አለው። 0፣ 99፣ 999 እና ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የሰው መልእክት ናቸው።

ከዚያ ቁጥሩን የሚሞላውን ሰው እፈልጋለሁ። አለቃውን ሳይሆን የሚሞላውን። አንድ የደም ግፊት ዳታ ላይ 120 እና 140 ከሌላው ቁጥር ሁሉ ተለይተው እንደ ማማ ቆመው አየሁ። ለክትትሉ ክፍል ነርስ ሥዕሉን አሳየኋት። «ሲስተር፣ እነዚህ ሁለቱ ለምን በዙ?» አልኳት። ሳቀች። «ወረፋው በር ላይ ቆሞ እያለ ማን 138 ብሎ ይጽፋል? ወደ አሥር እናስጠጋዋለን» አለችኝ። ቀጥላም የተናገረችው የትኛውም መመሪያ ላይ ያልነበረ ነገር ነው። በእጅ የሚለካው መሣሪያ ላይ መስመሮቹ በሁለት በሁለት ነው የተሰመሩት። ስለዚህ 117 ወይም 123 የሚል ቁጥር ካየሁ በዲጂታል መሣሪያ የተለካ መሆኑን ማወቅ እችላለሁ። ይህች አንዲት ወሬ መሣሪያ የሚል አምድ በሌለው ዳታ ላይ የትኛው በምን እንደተለካ ለመገመት በር ከፈተችልኝ። ጉዳዩ የውበት ጉዳይም አይደለም። የደም ግፊት በሽተኛ የሚባለው ከ140 ጀምሮ ነው ብላችሁ ከቆረጣችሁ፣ 138 የነበረው ሰው በማስጠጋቱ ብቻ በሽተኛ ይሆናል።

ንግዱም ጋ ነገሩ ያው ነው፤ አስቂኝ የሚሆንበት ጊዜ ግን ይበዛል። ከደንበኞች መካከል ጃንዋሪ 1 የተወለዱት ከሌላው ቀን እጅግ ይበልጣሉ። ፎርሙ የትውልድ ቀን ግድ ሲል ሰው የመጀመሪያውን ቀን ተጭኖ ያልፋል። ጃንዋሪ 1፣ 1970 ካያችሁ ደግሞ ሰውም ላይኖርበት ይችላል። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን መቁጠር የሚጀምሩት ከዚያ ቀን ስለሆነ፣ የጠፋ ቀን ዜሮ ይሆንና 1970 ተብሎ ይወጣል። አገር ምረጡ የሚል ዝርዝር ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የመጀመሪያው አፍጋኒስታን ነው። አንድ ድርጅት አፍጋኒስታን ውስጥ ሰፊ ገበያ አለን ብሎ ስብሰባ ሊጠራ ሲል ደርሼበታለሁ።

ኤክሴል ላይ አንድ ቃል ካልተናገርኩ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ኤክሴልን አልጠላም፤ ሁሉም ሰው ይከፍተዋል፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ግን ሳይጠየቅ ይረዳል። «ሴፕት2» የሚባል ጂን አለ፣ «ማርች1» የሚባልም። ኤክሴል እነዚህን ሲያይ ሴፕቴምበር 2 እና ማርች 1 ናቸው ብሎ ቀን ያደርጋቸዋል። በ2016 የወጣ አንድ ቅኝት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አባሪ ካደረጉ የጂኖም ጥናቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ ውስጥ ይህን ስሕተት አገኘ። በመጨረሻ የተሸነፈው ሳይንሱ ነው። የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 የጂኖቹን ስም ራሱን ቀየረ፤ «ሴፕት2» አሁን «ሴፕቲን2» ይባላል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ውጤቶች ሳይመዘገቡ ዘግይተዋል። ምክንያቱ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አለመያዙ ነበር። የተረፈው ዝም ብሎ ተቆረጠ። የእኔ ልማድ ቀላል ነው። ፋይል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ባለፈ ቁጥር የረድፉን ብዛት እቆጥራለሁ፤ ሲገባ ስንት፣ ሲወጣ ስንት። ከሥራዬ ሁሉ አሰልቺው ነው። ብዙ ጊዜ ያዳነኝም እሱ ነው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ልመለስ። ባዮሎጂ ውስጥ ዳታ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እኛ እጅ ሳይገባ ነው። አንድ ጊዜ የበሽተኞችና የጤነኞች የጂን መረጃ መጣልኝ። በሥዕል ሳወጣው ሁለት የተለያዩ ደመናዎች ሆኑ፤ በሽተኛው ወዲህ፣ ጤነኛው ወዲያ። ያየው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ናሙናዎቹ ማሽን ውስጥ የገቡበትን ቀን ጠየቅሁ። የበሽተኞቹ በአንድ ወር፣ የጤነኞቹ በሌላ ወር ነው የተሠሩት። ኬሚካሉ ሌላ ጥቅል፣ የሠራው ሰው ሌላ። እንግዲህ ደመናዎቹን የለያቸው በሽታው ነው ወይስ ወሩ? ማንም ሊመልስ አይችልም። ምንም ዓይነት ስሌት አይለየውም፤ ሁለቱ ነገሮች ከሥር ተጣብቀዋልና። የላብራቶሪ ሰዎች ይህን የባች (የአንድ ዙር ሥራ) ችግር ይሉታል። የችግሩ መፍትሔ የሚገኘው ናሙናው ከመሠራቱ በፊት ነው። በሽተኛና ጤነኛውን ቀላቅላችሁ፣ የትኛው በየትኛው ቀንና በየትኛው የናሙና ሳህን እንደሚገባ በዕጣ ወስኑ። ዋጋው አንድ ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ነው። የእንግሊዙ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1938 ባደረገው ንግግር፣ ሙከራ ካለቀ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ማማከር ብዙ ጊዜ አስከሬን እንዲመረምር ከመጠየቅ አይለይም ብሎ ነበር። አስከሬን ብዙ መርምሬያለሁ።

ሌላው የላብራቶሪ ጣጣ ብዛት ነው። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ «ልዩነት አለ ወይ» ብላችሁ በተለመደው 0.05 መስፈርት (በስሕተት «አለ» ማለትን ከመቶ አምስት ጊዜ የሚፈቅድ) ብትፈትሹ፣ ምንም ልዩነት በሌለበት እንኳ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጂኖች «አለ» ይላሉ። ይህን የሐሰት ግኝት ለመቆጣጠር የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ቤንጃሚኒና ሆክበርግ በ1995 ያወጡት ዘዴ ዛሬ በሁሉም ሶፍትዌር ውስጥ በአንድ መስመር ይሠራል። ዘዴውን መጠቀም ከባድ አይደለም። ከባዱ ስንት ነገር እንደሞከራችሁ በሐቀኝነት መቁጠር ነው። ማርኬቲንግ ክፍሉ ሽያጩን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በከተማ፣ በቀን፣ በስልክ ዓይነት ከፋፍሎ ሲያበቃ «ማክሰኞ ማታ የሚገዙ ወጣት ሴቶች» የሚል ግኝት ይዞ ሲመጣ፣ የምጠይቀው ያንኑ የላብራቶሪ ጥያቄ ነው። ከዚህ በፊት ስንት ቡድን አይታችሁ ነው ይህን ያገኛችሁት?

ሕክምናው ጋ ስመጣ ጥያቄው መልኩን ቀየረ። እዚያ የረድፉ አመጣጥ ማለት ሐኪሙ ይህን ሰው ለምን እንደዚህ አከመው ማለት ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የምወደው በ1986 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ የኩላሊት ጠጠር ጥናት ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ይዛችሁ ተከተሉኝ። በክፍት ቀዶ ጥገና ከታከሙ 350 ሰዎች መካከል 273ቱ ተሳክቶላቸዋል፤ 78 በመቶ ማለት ነው። በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ ከታከሙ 350 ሰዎች ደግሞ 289ኙ ተሳክቶላቸዋል፤ 83 በመቶ። አዲሱ ዘዴ በለጠ። ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል።

አሁን ጠጠሩን በመጠን ለዩት። ትንሽ ጠጠር የነበራቸውን ብቻ ብናይ፣ በክፍት ቀዶ ጥገና ከ87 ሰው 81ዱ፣ 93 በመቶ ተሳካላቸው። በአዲሱ ዘዴ ከ270 ሰው 234ቱ፣ 87 በመቶ። ክፍቱ በለጠ። ትልቅ ጠጠር የነበራቸው ላይስ? በክፍቱ ከ263 ሰው 192ቱ፣ 73 በመቶ። በአዲሱ ከ80 ሰው 55ቱ፣ 69 በመቶ። እዚህም ክፍቱ በለጠ። በትንሹም በትልቁም የበለጠው ዘዴ ሲደመር ተሸነፈ። ስሌቱ ውስጥ ስሕተት የለም፤ ደምራችሁ አረጋግጡ።

ምስጢሩ ያለው 263 እና 87 ላይ ነው። ከባድ ጠጠር የያዘው ሰው በብዛት የታከመው በክፍቱ ነው። ቀላሉ ወደ አዲሱ ዘዴ ሄደ። አዲሱ ዘዴ የበለጠ የመሰለው ቀላል ሥራ ስለተሰጠው ነው። ይህን ነገር ካወቅሁ ወዲህ ሁለት ሕክምና የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ሲመጣልኝ ከውጤቱ አምድ በፊት የማየው ሰዎቹ ወደዚህና ወደዚያ የተከፈሉበትን ምክንያት ነው። ምክንያቱ ሠንጠረዡ ላይ የለም። ሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን እጠይቃለሁ። «ዶክተር፣ ሁለት በሽተኛ አብረው ቢመጡ የትኛውን ወዴት ይልካሉ?» የሚል ጥያቄ ከረጅም ስብሰባ ይበልጥ ያስተምራል።

ማሽንም ከዚህ አያመልጥም። ሪች ካሩዋና የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሳንባ ምች ከያዛቸው ሰዎች ማን ለሞት እንደሚጋለጥ የሚገምት ሞዴል ላይ ሠርተው ነበር። ከዳታው የወጣው ሕግ አስም ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ አነስተኛ ነው የሚል ሆነ። ማንኛውም ሐኪም ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ዳታው ግን አልዋሸም። አስም ያለበት ሰው የሳንባ ምች ይዞት ሲመጣ በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባ ስለነበር እውነትም ያነሰ ይሞት ነበር። ሞዴሉ ያየው አስሙን ነው፤ ያላየው እንክብካቤውን። እንዲህ ያለ ሞዴል ሥራ ላይ ቢውል አስም ያለበትን ሰው ቤትህ ግባ ይል ነበር። ካሩዋና ከዚህ በኋላ ውስጣቸው የሚነበብ ሞዴሎች ላይ አተኮረ። እኔም በዚህ ከሱ ጋር ነኝ። ለሕክምና የሚሆን ሞዴል ሲመረጥ፣ ሐኪም ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ሊያነበው የሚችለውን ትንሽ ትክክለኛነት ከፍዬም ቢሆን እመርጣለሁ።

ቀጥተኛው መፍትሔ ሰውን በዕጣ መመደብ ነው። በ1948 የታተመው የእንግሊዝ የስትሬፕቶማይሲን መድኃኒት ሙከራ እስከ ዛሬ አርአያ ሆኖ ይጠቀሳል። 107 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ነበሩ። መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ስለነበር ለሁሉም አይበቃም። ምደባው በታሸገ ፖስታ ተወሰነ፤ ሐኪሙ ፖስታውን ሳይከፍት ቀጣዩ ሰው የት እንደሚገባ አያውቅም። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4 ሞቱ፤ ካላገኙት 52 ሰዎች 14 ሞቱ። እዚህ ላይ «ለምን ይህ ሰው ይህን አገኘ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ዕጣው ስለወጣለት» ብቻ ነው። ይህ ንጹሕ መልስ የቱን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚገባችሁ ዕጣ በሌለበት ዳታ ላይ ከሠራችሁ በኋላ ነው።

ወደ ንግድ ስገባ የኩላሊት ጠጠሩ አብሮኝ ገባ። የሽያጭ ኃላፊው «ቅናሽ የላክንላቸው ደንበኞች ካልላክንላቸው እጥፍ ገዝተዋል» ይላል። ለማን ነው የላካችሁት? «ለጥሩ ደንበኞቻችን!» በቃ፣ አለቀ። ሳይላክላቸውም ይገዙ ነበር። ንግድ ግን ከሕክምና የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ዕጣ ማውጣት ቀላል ነው። ለግማሹ ቅናሹን መላክ፣ ለግማሹ አለመላክ ማንንም አይገድልም። ኤ/ቢ ቴስት የሚባለው ይኸው ነው፤ የ1948ቱ ሙከራ የልጅ ልጅ።

እዚያም ግን የሚጎዳ ልማድ አለ። ሰዎች ጠዋት ጠዋት ዳሽቦርዱን ከፍተው ያያሉ፤ ልዩነቱ የ0.05ን መስፈርት ባለፈበት ቀን «አሸነፍን» ብለው ያቆማሉ። ምንም ልዩነት በሌለበት፣ በእኩል ርቀት አምስት ጊዜ አይታችሁ ባለፈበት ለማቆም ብትወስኑ፣ በስሕተት «አለ» የማለት ዕድላችሁ ከ5 ወደ 14 በመቶ ይወጣል። አሥር ጊዜ ካያችሁ 19 በመቶ ይደርሳል። የሕክምና ተመራማሪዎች ይህን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል፤ ሙከራ መሀል ላይ መቼ መቼ እንደሚያዩና በምን መስፈርት እንደሚያቆሙ አስቀድመው ይጽፋሉ። እኔ ድርጅት ጋ ስሄድ የማደርገው ይህንኑ ነው። ቴስቱ ሳይጀመር የሚያበቃበት ቀንና የሚታየው አንድ ቁጥር በኢሜይል ይጻፋል፣ ለሁሉም ይላካል። ቀኑ ሳይደርስ አለቃ «እስኪ እንይ» ሲል ኢሜይሉን አሳየዋለሁ። አንዳንዱ ይኮሳተራል። ይኮሳተር።

ዘዴ ከመስክ ወደ መስክ ሲሻገር ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው። ንግድ ድርጅቶች «ደንበኛ በአማካይ ስንት ወር ይቆያል?» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሄዱትን ደንበኞች ብቻ ወስደው አማካይ ያወጣሉ። ያልሄዱት ግን ታማኞቹ ናቸው፤ እነሱን መተው ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ሕክምና ይህን ችግር ቀድሞ ያውቀዋል። ጥናቱ ሲያልቅ በሕይወት ያለ ታማሚ ስንት ዓመት እንደሚኖር አይታወቅም፤ የሚታወቀው እስካሁን ይህን ያህል መኖሩ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ካፕላንና ማየር በ1958 ያሳተሙት ስሌት ይህችን ግማሽ መረጃ ሳትጣል እንድትቆጠር ያደርጋል። «ሞት» የሚለውን አውጥታችሁ «ኮንትራት አቋረጠ» የሚለውን አስገቡ፤ ፎርሙላው አይቀየርም። በተቃራኒው፣ ከንግድ ወደ ሳይንስ የሚሄድም አለ። በየላብራቶሪው የምንጠቀምበት ቲ-ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ የሚያነጻጽር ፈተና) የወጣው ከደብሊን ቢራ ፋብሪካ ነው። ዊልያም ጎሴት የጊነስ ሠራተኛ ነበር። ገብስ ላይ ከሚደረጉ ጥቂት ሙከራዎች እንዴት አስተማማኝ ነገር መናገር ይቻላል የሚለው ነበር የሚያስጨንቀው። ፋብሪካው ሠራተኛ በስሙ ጥናት እንዲያሳትም ስለማይፈቅድ በ1908 «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አሳተመው።

ሕክምናና ንግድ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲገናኙ ደግሞ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2019 ዚያድ ኦበርማየርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ታማሚዎች ለመምረጥ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለ አንድ አልጎሪዝም መረመረ። አልጎሪዝሙ የሚገምተው ታማሚው ወደፊት የሚያስወጣውን ገንዘብ ነበር፤ ብዙ የታመመ ብዙ ያስወጣል በሚል። ጥቁር ታማሚዎች ግን እኩል ታመውም ለሕክምናቸው የሚወጣው ገንዘብ ያንስ ነበር። ስለዚህ እኩል ነጥብ ያገኙ ጥቁርና ነጭ ታማሚዎች ሲነጻጸሩ ጥቁሮቹ ይበልጥ የታመሙ ሆነው ተገኙ። ገንዘብ በንግድ ዓይን ንጹሕ ቁጥር ነው፤ ሳንቲም አይዛነፍም። እንደ በሽታ መለኪያ ግን ተዛንፏል። ስለዚህ «ምን እንገምት?» የሚለው ውሳኔ ለፕሮግራመሩ ብቻ እንዲተው አልፈቅድም። የሚገመተው አምድ ሲመረጥ ስለ ሰዎቹ የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት።

ስለ ምስጢር ባጭሩ። «ስሙን አጥፍተነዋል» የሚለውን ቃል አትመኑ። ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ እንዳሳየችው በ1990 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ኮድ ብቻ ከሕዝቡ 87 በመቶ ያህሉን ለይቶ ለማወቅ ይበቁ ነበር። የታካሚ ፋይል በኢሜይል ሲላክላችሁ ስም ባይኖረውም መልሱት። የትውልድ ቀን ሳይሆን ዕድሜ ይበቃኛል በሉ። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ይበቃል።

ውጤት ስታቀርቡ ደግሞ መቶኛ ሳይሆን ሰው ቁጠሩ። ከሐኪምም ከሥራ አስኪያጅም ጋር ሞክሬ እንደዚህ የሠራልኝ ነገር የለም። ለምሳሌ ከሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። ምርመራው ከታመሙት 99 በመቶውን ያገኛል፣ ከጤነኞቹ 5 በመቶውን በስሕተት ታመሃል ይላል። እንዲህ ሲባል ሁሉም ጎበዝ ምርመራ ነው ይላል። አሁን 100,000 ሰው አሰልፉ። 100 ታመዋል፣ 99ኙ ተገኙ። ከ99,900 ጤነኞች 4,995ቱ በስሕተት ታማችኋል ተባሉ። ታማችኋል ከተባሉት 5,094 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 99 ናቸው፤ ከመቶ ሁለት ማለት ነው። ይህንኑ ስሌት ባንክ ጋ ለማጭበርበር ማስጠንቀቂያ፣ ድርጅት ጋ ለሚከዳ ደንበኛ ትንበያ ተጠቅሜበታለሁ። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው «ታዲያ 5,094ቱን ማን ሊደውልላቸው ነው?» ይላል። ትክክለኛው ጥያቄም እሱ ነው።

ለመለማመድ ለምትፈልጉ በነፃ የሚገኙ ሦስት ቦታዎች ልጠቁም፤ ከየመስኩ አንድ። ለባዮሎጂ ጂኢኦ የሚባለው የአሜሪካ የጂን መረጃ ማከማቻ አለ። አንድ ጥናት ምረጡና ከጂኖቹ በፊት የናሙናዎቹን መግለጫ አንብቡ። መቼና የት እንደተሠሩ የሚል ካገኛችሁ ከበሽታው ጋር አስተያዩት። ለሕክምና ሚሚክ የሚባለው የጽኑ ሕሙማን ዳታ አለ፤ ለመግባት የሰው ምርምር ሥነ ምግባር ኮርስ መጨረስ ግድ ነው፣ ኮርሱም በራሱ ይጠቅማል። ሦስተኛው ዕትም ላይ ዕድሜያቸው 300 የሆነ ታካሚዎች ስታገኙ አትደንግጡ። ከ89 በላይ የሆኑ ሰዎች እንዳይታወቁ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያውን ያላነበበ ሰው ግን አማካይ ዕድሜ ያወጣበታል። ለንግድ ደግሞ ዩሲአይ በሚባለው የዳታ ማከማቻ ውስጥ አንድ የእንግሊዝ የኦንላይን መደብር ሽያጭ አለ፤ ከዲሴምበር 2010 እስከ ዲሴምበር 2011፣ 541,909 ረድፍ። 135,080 ረድፎች የደንበኛ ቁጥር የላቸውም። አንዳንድ ሽያጮች ብዛታቸው ከዜሮ በታች ነው። ደረሰኙ በ«ሲ» ፊደል ከጀመረ የተሰረዘ ግዢ ነው። ከዜሮ በታች ሆነው በ«ሲ» የማይጀምሩትን ለዩና የዕቃውን መግለጫ አምድ አንብቡ፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ምን ሊጽፍ ይችል እንደነበር እያሰባችሁ።